ያንን እጀታ ለቁራሌው አይስጡት

ባለፈው ጊዜ የድራፍት ቧንቧ እጀታ እንደ ቴምብር ሊሰበሰብ እንደሚችል፣ እኔም 63 እንዳሉኝ ጽፌ ነበር። ቀጂው ጃምቦ ሲሞላ ወደ ራሱ የሚስባትን ዘንግ ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከጠበቅሁት በላይ ሆኑ። ለማታውቁኝ አንባቢዎች፦ 27 ዓመት የድራፍት ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ አለም ገና እኖራለሁ። ጨጓራዬ ቢራ ከከለከለኝ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ስለ ጣዕም የሚጠይቀኝ ካለ አድራሻ ተሳስቷል። ስለ እጀታ ግን እንነጋገር።

*

«ጋሼ፣ ሟች ባለቤቴ ግሮሰሪ ነበረው። ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ሰሞኑን ዕቃ ቤቱን ሳጸዳ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰሩ የድራፍት እጀታዎች አገኘሁ። አሥራ አራት ናቸው። አንዳንዶቹ የፋብሪካ ስም አላቸው፤ ሌሎቹ ምን እንደሆኑ እንኳን አይታወቁም። ቁራሌው በኪሎ ልውሰዳቸው ብሎኛል። ልስጠው? ወይስ በሎሚና በአመድ አጽድቼ ልሽጣቸው?» — ከለገጣፎ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ቁራሌውን በሰላም ይሸኙት። ሎሚውንም ወደ ወጥ ቤት ይመልሱት።

ከጽዳቱ ልጀምር፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ። ከብዙ ዓመት በፊት ወለቴ ውስጥ ከምትዘጋ አንዲት ግሮሰሪ የእንጨት እጀታ አገኘሁ። ወይራ ነው። በእጅ እድፍ ጠቁሮ ከሰል መስሏል። እቤት ወስጄ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ጥቁሩ ሲለቅ ከሥሩ ቀይ ቀለም ብቅ አለ። ፊደል ነበር። እኔ ፊደል መሆኑን ስረዳ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። ባለቤቱ የግሮሰሪውን ስም በእጁ ጽፎበት ኖሯል። ፎቶ እንኳን አላነሳሁትም። ያ እጀታ ዛሬም አለኝ፤ የሚያምር ንጹሕ ወይራ ነው፤ ስም የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሌላ ምንም። እድፉ ከሥሩ ምን እንደያዘ እስኪያዩ ድረስ ውሃም አያስነኩት።

አሁን ከረጢቱን ይዘርግፉት። ስም ያላቸውን ወደ አንድ በኩል ያድርጓቸው። የፋብሪካ እጀታ በብዛት ነው የሚሠራው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሰኛ ይሁን የበደሌ ዝንጀሮ ወይም የዋልያዋ ዋልያ፣ ወንድሞቹ በየከተማው አሉ። ይህ ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ቢራ ፋብሪካ ባለቤት ሲቀይር ብዙ ጊዜ መልኩንም ይቀይራል፤ የድሮው ምልክት ያኔ ነው ከገበያ የሚጠፋው። እዚህ ሰበታ አጠገቤ ያለውን ሜታ አቦን ይመልከቱ። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙ ኩባንያ ዲያጆ ገዛው፤ በ2022 ደግሞ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጠማቂው ቢጂአይ ዞረ። ሐረርና በደሌን እ.ኤ.አ. በ2011 ሄኒከን ወሰዳቸው። እንዲህ ያለ ዝውውር ከመምጣቱ በፊት የተሠራ እጀታ ካለዎት ለብቻው በጨርቅ ይጠቅልሉት።

እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ስም ወደሌላቸው ነው። «ምን እንደሆኑ አይታወቁም» ያሏቸው።

የእኔ ስብስብ የተጀመረው በእነሱ ነው። የፋብሪካ እጀታ ይሰበራል። ሰካራም ይጎትተዋል፣ ቀጂው ይቸኩላል፣ ፕላስቲኩ ከአንገቱ ይቀነጠሳል። ባለ ግሮሰሪው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ጠጋኝ እስኪመጣ አይጠብቅም። ያገኘውን ይሰካበታል። ቃሊቲ መንገድ ላይ የቮልስ ማርሽ ጥቁር ጉልላት የተሰካበት ቧንቧ አይቻለሁ። ፊሌቶው፣ ማለት የብሎኑ ጥርስ፣ ስላልገጠመ በካላማዳሪያ ቁራጭ ጠቅልለው ነው የወተፉት፤ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ፉሪ ላይ የካቻቪቴ እጀታ አገኘሁ። ሰበታ መግቢያ ላይ የቡና ዘነዘና ጫፍ፣ ተቆርጦና ተበስቶ። አንዱ ደግሞ የበሬ ቀንድ ነው፤ ዋንጫ የሚሠሩ ሰው እንደጠረቡት ቀጂዋ ነግራኛለች። የእኔ ሥራ እነዚህን ነቅዬ የፋብሪካውን አዲስ መግጠም ነበር። የነቀልኩትን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ባለቤቱን አስፈቅጄ ወደ መሣሪያ ቦርሳዬ እከተዋለሁ።

የበደሌ እጀታ ቢጠፋብኝ ሌላ እፈልጋለሁ። የቀንዷ እጀታ ብትጠፋ ግን ሌላ የለም። ብርቅ የምለው ይህንን ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ከመሸጥዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ግሮሰሪው ውስጥ ይቀዱ የነበሩትን ልጆች ይፈልጓቸው። አንዱ እንኳን ለገጣፎ አይጠፋም። እጀታዎቹን ፊቱ ደርድረው «ይሄኛው መቼ ተሰካ? ማን ሠራው?» ብለው ይጠይቁት። የሚለውን በትንሽ ወረቀት ይጻፉና በክር አንገቱ ላይ ይሰሩት። ፕላስተር አይለጥፉበት፤ ሙጫው ቀለም ይዞ ይነሳል። ባለቤትዎ በእጁ የሠራው ካለ ደግሞ እሱን አይሽጡት። ይህ ምክር አይደለም፤ ልመና ነው።

ዋጋ ጠይቀውኛል። ተመን የለውም። እኔ ለአንድ እጀታ ከፍዬ የማውቀው ከ50 እስከ 400 ብር ነው። አንዱን በግማሽ ኩንታል ከሰል ለውጫለሁ። በኪሎ ግን አንድም ቀን ገዝቼ አላውቅም።

ጽዳቱን ካነሱ አይቀር ልጨርሰው። ነሐስ በሎሚና በአመድ እንደሚያበራ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ለቤት ዕቃ ጥሩ ነው። ለአሮጌ እጀታ ግን ዓመታት ያስያዙትን ጠቆር ያለ መልክ በአምስት ደቂቃ ይገፈዋል፤ የተቀረጸውንም ፊደል ቀስ በቀስ ይበላዋል። ኒኬል የተቀባ ከሆነ ይባስ ይላጣል። ለብረቱ እርጥብ ጨርቅና ጥቂት ሳሙና ይበቃል፤ ወዲያው ያድርቁት። ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ከሆነ ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይጠጉት። እንጨቱ ከደረቀ ጥቂት የተልባ ዘይት በጨርቅ ይሹት። ጨርቁን ግን ጨብጠው ጥግ አይጣሉት! የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ እንደተጨመደደ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ውጪ ገመድ ላይ ዘርግተው ያድርቁት።

*

«ሰላም ጋሼ። ወንድሜ ከአሜሪካ የዓሣ ቅርጽ ያለው የድራፍት እጀታ አመጣልኝ። ርዝመቱ 30 ሳንቲሜትር ይሆናል። ቤት ውስጥ ከጣሊያን የመጣ አሮጌ የድራፍት ማሽን አለኝ። እጀታውን ልገጥመው ስሞክር ትንሽ ዞሮ ይነክሳል። በኃይል ላዙረው?» — ከቃሊቲ

በፍጹም! ልጄ፣ እጅህን አንሳ።

የአሜሪካ ቧንቧ ዘንግ ውፍረቱ የኢንች ሦስት ስምንተኛ ነው። በእኛ ልክ ዘጠኝ ሚሊ ተኩል ገደማ። በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ አለው። እዚያ አገር ይሄ ልክ የተለመደ ስለሆነ የአንዱ እጀታ የሌላው ቧንቧ ላይ ይገባል። የአውሮፓው ግን በሚሊ ነው፤ ያም አንድ ወጥ አይደለም፤ 8 ሚሊ ያለው አለ፣ 10 ሚሊ ያለው አለ። የአንተው 10 ሚሊ ይመስለኛል። ለምን? የ10 ሚሊ ብሎን የተለመደው ጥርስ ከጥርስ ርቀቱ አንድ ሚሊ ተኩል ነው። የአሜሪካኑ አንድ ነጥብ ስድስት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። መንትያ የሚመስሉ ግን የማይግባቡ ወንድማማቾች ናቸው። ጫፉ ላይ የተስማሙ ይመስላሉ፤ ከዚያ ይነካከሳሉ። በኃይል ካዞርከው የዓሣው ውስጥ ያለው ዳዶ ይላጥና ሁለቱም ለቁራሌው ይሆናሉ።

ካሊብሮ ያለው ሰው ዘንጉን ይለካልህ። ከዚያ ቶርኖ ቤት ሂድ። ማስትሮውን አጭር የነሐስ መሸጋገሪያ አስቀርጸው፤ አንድ ጫፉ ውስጡ የአንተን ቧንቧ የሚቀበል፣ ሌላው ጫፉ ውጪው የአሜሪካን ፊሌቶ ያለው። ጥርሱን እንዳይስት እጀታውን ይዘህ ሂድ። ዓሣውን በድሪል ማስፋት የሚል ሰው ካጋጠመህ አመስግነህ ውጣ።

ሌላ ችግር አለ። ያ ዓሣ ይከብዳል። ቧንቧው የሚከፈተው እጀታው ወደ ፊት ሲሳብ ነው፤ ዘንጉ በውስጥ ያለውን መዝጊያ ወደ ኋላ ይገፋና ቢራው ይወጣል። ረጅምና ከባድ ነገር ከላይ ከሰቀልክበት፣ በተለይ ማሽኑ አሮጌ ሆኖ ዘንጉ ከላላ፣ በራሱ ክብደት ወደ ፊት ዘንበል ሊል ይችላል። ሌሊት አንተ ተኝተህ ወለሉ ድራፍት ይጠጣል። መጀመሪያ ማሽኑን በውሃ ሞክረው፤ አንድ ሌሊት ሳይንጠባጠብ ካደረ ተማመንበት።

ዓሣ ለምን አስፈለገ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1933 የመጠጥ እገዳውን ሲያነሱ የቧንቧው እጀታ የቢራውን ስም ማሳየት ጀመረ። ያኔ የሚሠሩት ክብ ኳሶች ነበሩ፤ ባኬላይት የሚባል ጥቁር ፕላስቲክ፣ ፊቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ክብ ሳህን የተገጠመበት። አሮጌ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እነዚህን ኳሶች ነው። በኋላ ትንንሽ ጠማቂዎች ሲበዙና አንድ ባንኮኒ ላይ ሃያ ቧንቧ ሲደረደር፣ ሁሉም ከሩቅ ለመታየት ማደግ ጀመረ። ዓሣ መጣ፣ መጥረቢያ መጣ፣ የሰው ራስ መጣ። እንግሊዞች ደግሞ ቢራውን ከምድር ቤት በእጅ የሚስቡበት ፓምፕ አላቸው፤ ጆሴፍ ብራማ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1797 የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦበታል። በእነሱ ዘንድ የቢራው ስም ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ከእጀታው ፊት በሚቆም ሰሌዳ ላይ ነው፤ እጀታው ራሱ ረጅም እንጨት ወይም ሸክላ ሆኖ ዝም ይላል። እዚያ ሰሌዳውን ለብቻው የሚሰበስቡ አሉ።

እኛ ጋ ለምን አጭርና ቀላል ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ ግሮሰሪያችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው አንድ ቢራ ነው። ደንበኛው እጀታ አይቶ አይመርጥም። ተቀምጦ «ድራፍት!» ይላል፤ ይመጣለታል።

*

«የምሠራበት ቤት እየታደሰ ነው። አሮጌውን የድራፍት ማሽን ሊያወጡት ነው። አስተናጋጆች እጀታዎቹን ብንወስድ ችግር አለው?» — ከጀሞ

አለው። እኔ በሠራሁበት ዘመን ማሽኑን ለቤቱ የሚያውሰው ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ነበር። ባለቤቱ «ውሰዱ» ቢልህም የእሱ ላይሆን ይችላል። የማን እንደሆነ ጠይቅ፤ ከፈቀዱ በወረቀት ላይ አስፈርም። ሌባ ተብሎ ከመባረር ያለ እጀታ መኖር ይሻላል።

*

«ምናለሽ ተራ አንድ ነጋዴ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ እጀታ ነው ብሎ 6,000 ብር ጠየቀኝ። ጥቁር ኳስ ሆኖ በሁለት ብሎን የታሰረ የብረት ምልክት አለው። ነጋዴው በእናቱ ሞት ምሎልኛል። ልግዛው?» — ከአየር ጤና

እናቱ ምን አደረጉት?

ወንድሜ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ያረፉት በታኅሣሥ 1906። ንጉሡ ከሞቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለተቋቋመ ፋብሪካ እጀታ አላሠሩም። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ግን ምናለሽ ተራን እወደዋለሁ፤ ነጋዴውም ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን ራሱን እናናግረው።

ሁለቱን ብሎኖች ተመልከታቸው። ራሳቸው ላይ ያለው አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው ወይስ መስቀል? የመስቀሉ ብሎን ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። መስቀል ከሆነ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም፤ ቢያንስ ብሎኑ ተቀይሯል። ኳሱን ደግሞ በአውራ ጣትህ እስኪሞቅ እሸውና አሽተው። ባኬላይት ከሆነ የድሮ ክሊኒክ የመሰለ የመድኃኒት ሽታ አለው። ባኬላይት እ.ኤ.አ. በ1907 ነው የተፈለሰፈው፤ ስለዚህ ዕድሜው ሊረዝም ይችላል፤ ሽታው ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም። ነጋዴው መርፌ አግሎ ልውጋው ቢልህ እምቢ በል፤ ዕቃው ላይ ጠባሳ ይተዋል።

ከሁሉ በላይ አረጃጀቱን እይ። ቀጂ እጀታውን ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው የሚይዘው። ሃያ ዓመት የሠራ እጀታ ወደ ቀጂው የሚዞረው ጎኑ ይለሰልሳል፤ ምልክቱ ያለበት ፊት ወደ ደንበኛው ስለሚዞር እሱ ያን ያህል አይነካም። የሐሰቱ ዙሪያውን እኩል ያረጀ ነው፤ አሸዋ ውስጥ ተንከባሎ የወጣ ይመስላል። ይህን ልዩነት ካየኸው፣ ዘመኑን ተወውና 300 ብር ስጠው። ዙሪያውን እኩል ከሆነ ሻይ ጋብዘውና ተለያዩ።

*

«ባለቤቴ የእርስዎን ጽሑፍ አንብቦ እጀታ መሰብሰብ ጀመረ። አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ አሉ። ልጆች አሉን። የንስሐ አባታችን ሲመጡ ዓይናቸው ከግድግዳው አይነቀልም። እባክዎ አንድ ነገር ይበሉት።» — ከቡራዩ

እህቴ፣ ይቅርታ። በእኔ ጦስ ነው።

ለባለቤትሽ እንዲህ ብሎሃል በይልኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ አውርዶታል፤ 21 ዓመት ላልሞላውም መጠጥ አይሸጥም። አንተ ከመንገድ የወረደውን ሳሎን ሰቅለህ ልጆችህን በየቀኑ ታስነብባለህ። አሥራ ዘጠኙም ወደ ሰርቪስ ቤት ይግቡ። የእኔም እዚያ ናቸው፦ አንድ የዋንዛ ሳንቃ፣ በላዩ የተደረደሩ ብሎኖች፣ እጀታዎቹ ብሎኑ ላይ ይሽከረከራሉ። ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ይሁን፤ ቀለማቸው እንዳይነጣ። ጭስና እንፋሎትም ስለማይስማማቸው ከወጥ ቤቱ ይራቁ። የመጀመሪያ ሳንቃዬን እኔ ከምድጃው በላይ ሰቅዬ የስድስት እጀታ ምልክት ቅባት ጠጥቷል።

ንስሐ አባታችሁን ግን አትፍሪ። የእኔ ንስሐ አባት አንድ ቀን ሰርቪስ ቤቱ ገብተው ሁሉንም በዝምታ አዩ። እኔ ተግሣጽ ስጠብቅ ያን የዘነዘና ጫፍ አንስተው «ይሄ የእናቴን ይመስላል» አሉ። አሁን ሲመጡ እሱን ያያሉ።

ሳሎን ውስጥ አንድ ከተወለት ይበቃዋል። የእኔ ቤት ሳሎንም አንድ አለ፤ ስሙ የጠፋው ወይራ። ባለቤቴ ከበሩ ጀርባ ሰክታው ጃንጥላ ታንጠለጥልበታለች።